ስለ ወንዝና ስለ ጭነት

በወንዝ ዳር ቆሞ ጭነት የተሸከመ ሐመር ሲያልፍ መመልከት፣ ዓይንን ደስ ከማሰኘቱም በላይ፣ ሰው በእጁ የሌለውን ከሩቅ ወንድሙ እየተቀበለ የሚኖር ፍጡር መሆኑን ለልቡና ያስተምራል። ይህ ጸጋ ከሀገራችን አፍላግ ሁሉ ለባሮ ተሰጥቶ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተዋዋሉ በኋላ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ በሞላ ቁጥር ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የምዕራቡን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበርና።

የእኛ ይፋት ቆላ ግን እንዲህ ያለ ፈለግ አልታደለም። ሮቢና ጀውሃ ከደጋው ወርደው ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ ጭነት የሚፈስበት ወንዛችን መንገዱ ነው። ጥንት ከዘይላና ከታጁራ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ ሲመጣ፣ ግመል አቀበቱን መውጣት አይሆንለትምና፣ ሸቀጡ በቆላው ጠርዝ ወርዶ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወር ነበር፤ አልዩ አምባም በዚህ ገበያ ስሟ ገነነ። ዛሬም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁል የሚወርደው የጭነት መኪና ሸዋ ሮቢትን ሰንጥቆ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ ይነጉዳል።

ነገሩን ላስተዋለው ግን፣ ጋምቤላን ከተማ ያደረጋት የመርከቡ ማለፍ ሳይሆን መቆሙ ነው፤ አልዩ አምባንም ያከበራት ግመሉ በደጇ ጭነቱን ማራገፉ ነው። ዝም ብሎ የሚያልፍ ሀብት ለዳር ቆሞ ተመልካች ከአቧራ በቀር የሚተውለት የለም። ደግነቱ፣ እግዚአብሔር ይፋትን መርከብ የሚሸከም ውኃ ቢነሣው፣ መኪና የሚያስቆም ውኃ አልነሣውም፤ የሮቢ መስኖ የሚያጠጣው ሽንኩርትና በቆላው ማሳ የሚያፈራው ማሾ ነጋዴውን ከሩቅ ይጠሩታልና።

እንግዲህ የይፋት ልጅ ሆይ፣ የሌላው ጭነት ሲያልፍ ማየት ደስ ቢልህም በዚያ ብቻ አትርካ። ወንዝህን ጠብቅ፣ ቦይህን ጥረግ፤ ማሾህን አበጥረህና ለይተህ፣ ሽንኩርትህንም ሳይበላሽ የሚቆይበት መጋዘን ከጎረቤትህ ጋር ተባብረህ ሠርተህ አቆይ። በችኮላ በርካሽ ከመሸጥ የሚያድንህ፣ አላፊውንም በዋጋህ የሚያስቆምልህ ይህ ነው።