ፈቃድሽን ሳይሆን ወንዙን ጠይቂ
የወንዝ ጉዞ ሲታሰብ ቀን የሚቆርጠው ማን ነው? የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወይስ ወንዙ? ጀርመን የምትኖረው ታላቅ እህቴ «ሐምሌ ላይ እመጣለሁ፤ ለልጆቼ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ከዳር እስከ ዳር አሳይልኝ» ብላ ደወለች። እኔ ሮቤ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና «እትዬ፣ አይሆንም!» አልኳት። ተቀየመችኝ። ታዲያ ምን ላድርግ?

ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ውስጡን የሚያቋርጠው ዌብ ወንዝ ነው፤ ለማየት የገባ ሰው ደጋግሞ መሻገሩ ግድ ነው። ዌብ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ስለሆነ ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ ይሞላል። ልጆች ይዞ በደራሽ ውሃ ቀልድ የለም!

ምክሬ ይኸው ነው፦ ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። ለፈረንጆች ገና የልጆቹም ትምህርት ቤት ይዘጋል። መንገድ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ይቅደም። ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ ከወጣችሁ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነውና የበጋው ሌሊት ውርጭ ነው፤ ጋቢና ወፍራም ሹራብ እንዳይረሳ።

እህቴ እስካሁን እንዳኮረፈች ናት። ታኩርፍ! ኩርፊያ ያልፋል፤ ውሃ የወሰደው ግን አይመለስም።