ዶሮው ለወጥ ነው ለዝንብ?

የሰው አባት ቤት ያወርሳል፣ መሬት ያወርሳል። የእኔ አባት ዝንብ አወረሰኝ! ያውም አንድ ሙሉ የብስኩት ቆርቆሮ።

የምን ዝንብ አትሉም? ትራውት የተባለው ዓሣ ማጥመጃ ነዋ። መንጠቆ ላይ ላባና ፀጉር በክር ይጠመጠምና ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ዓሣው እውነተኛ ነፍሳት መስሎት ይውጠዋል። ትራውት የባሌ ተወላጅ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ ወንዞቹ ውስጥ የተለቀቀ እንግዳ ነው፤ ዌብ፣ ዳንካና ሻያ ቀዝቃዛ ናቸውና ተስማማው፣ በዚያው ቀረ። እዚያው ባሌ፣ ዲንሾ ላይ ፈረንጆች የማጥመጃ ዘንግ ይዘው ሲመጡ አባዬ መንገድ ያሳያቸው ነበር። አንዱ ሲሰናበት ጥቂት መንጠቆና ዝንብ ሰጠው። አባዬ አንዷን ዝንብ ክሯን ፈትቶ ውስጧን አየ፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም አጣ።

መንጠቆውን በፒንሳ ያስነክስና እጀታውን በላስቲክ አስሮ ያጠብቀዋል፤ ሞርሳው ይኸው ነው። ክር ከልብስ ሰፊው ይለምናል። ለዝንቧ ሆድ የውሻችንን ፀጉር ይሸልታል (ውሻው መቀስ ሲያይ አልጋ ስር ይገባ ነበር)። ቋጠሮው እንዳይፈታ ደግሞ የእህቴን የጥፍር ቀለም ይቀባዋል። የባሌ ትራውት ቀለም የተቀባች ዝንብ ያየው ያን ጊዜ ይመስለኛል!

ዋናው ጣጣ ግን ዶሮ ነበር። ዝንቧ እንድትንሳፈፍ ጠንካራ፣ ውሃ የማይጠጣ ላባ ትፈልጋለች፤ እሱ ደግሞ የሚገኘው ካረጀ አውራ ዶሮ አንገት ነው። ለፋሲካ ገበያ ስንወጣ ሌላው ሰው ዶሮውን አንስቶ ክብደቱን ይለካል፤ አባዬ አንገቱን እፍ እያለ ላባውን ይገልጣል። ገብስማ ካገኘ ዋጋ አይከራከርም። እማዬ «አንተ ሰውዬ፣ ዶሮውን የገዛኸው ለወጥ ነው ለዝንብ?» ስትል እሱ አርዶ ጨርሶ፣ የፈላው ውሃ ሳይደርስበት የአንገቱን ላባ በደረቁ እየነጨ ነው። ወጡም ከዚያ ጠንካራ አውራ ሥጋ ይሠራና እስከ ማታ አይበስልም።

ዛሬ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። አንድ ቀን የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ገብቼ አዳምስ የምትባል ዝንብ ሳይ በሳቅ ልፈነዳ! ሌን ሃላደይ የተባለ ሰው በ1922 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ የፈጠራት፣ አንገቷ ላይ ገብስማና ቀይ ላባ የተጠመጠመባት፣ ቁርጥ የአባዬ ዝንብ። ለካ ያኔ የፈታት እሷን ኖሯል! ይባስ ብሎ እዚሁ ኮሎራዶ ለላባቸው ብቻ የሚረቡ አውራ ዶሮዎች አሉ። የአንዱ ጥሩ አንገት ዋጋ ከመቶ ዶላር ያልፋል፤ ወጡ አይቆጠርም። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ ሴቶች ገብስማ ላባ ፀጉራቸው ላይ መሰካት ፋሽን አድርገው ላባው ከዓሣ አጥማጁ እጅ ጠፍቶ ነበር። ይህን እማዬ ብትሰማ!

እውነቱን ለመናገር የሱቆቹ ዝንቦች ያምራሉ፤ ሁሉም ልክክ ያሉ ናቸው። የአባዬዎቹ አንድ ክንፋቸው ይረዝማል፣ የውሻው ፀጉር ውሃ ይጠጣና ቶሎ ይሰምጣሉ። ክራቸው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተፈታም። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ አንዷን ብጥላት ገና ሳትሰምጥ አንድ ትራውት ብቅ ብሎ ላፍ አደረጋት። ለትራውት የክንፍ እኩልነት ጉዳዩ አይደለም፤ ከታች ሆኖ የሚያየው ውሃው ላይ የተነጠፈውን ላባ ነው። ስለዚህ መስታወት ውስጥ አልሰቅላቸውም፤ ዓሣ አጠምድባቸዋለሁ።

የቀረኝ ግን ጥቂት ነው። እናንተ ለበዓል ገብስማ አውራ የምታርዱ ወገኖቼ፣ ውሃው ሳይፈላ በፊት እባካችሁ አንገቱን አስቀሩልኝ!