ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በባንኮክ

ልጆቹን ይዞ ባንኮክ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሊያዝናናቸው ነው። እኛ ግን በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን የሄድነው የምንተዋቸው ዘመድ ስላጣን ነው ብለን ለሰው ሁሉ ተናገርን። ይህም እውነት አልነበረም። የባለቤቴ እኅት «እኔ ዘንድ ይቆዩ» ብላ ለምናን ነበር። እምቢ ያለችው ባለቤቴ ናት። «ሐኪሞቹ ከማስተኛታቸው በፊት ልጆቼን ላያቸው እፈልጋለሁ» አለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ፣ የመስሚያው ነርቭ ወደ አንጎል በሚዘልቅበት ቦታ፣ እብጠት ተገኝቶባት ነበር። ክፉው ዓይነት አይደለም ተባልን። ነገር ግን እያደገ ነው፣ መውጣት አለበት፣ ሲወጣም የዚያን ጆሮ መስማት ይዞት ሊሄድ ይችላል። ለልጆቹ የነገርናቸው «እማዬ ጆሮዋን ትታያለች፣ እኛ ደግሞ ከተማ እናያለን» የሚል ነበር። ትልቋ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ማሙሽ አምስት ዓመቱ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ሰዎች የሚያመጡትን የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ለዓመታት ከመስኮቱ ወዲህ ተቀምጬ ስቀበል፣ ማኅተሙን ሳይ፣ ፊርማውን ሳመሳክር ኖሬያለሁ። የበሽታው ስም የተጻፈበትን መስመር ግን ልብ ብዬ አንብቤው አላውቅም ነበር፤ ሥራዬ አልነበረማ። በዚያ ዓመት እኔው ከመስኮቱ ወዲያ ቆምኩ። የተቀበለኝ ባልደረባዬ ማኅተሙን አየ፣ ፊርማውን አመሳከረ፣ ያንን መስመር ዘለለው። አልተቀየምኩትም።

ከሱዋርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ በር ስንወጣ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ምጣድ ላይ የተደፋ አክምባሎ ሲነሣ ጋጋሪዋን የሚቀበላትን እንፋሎት አስቡት፤ ልዩነቱ ይህኛው አክምባሎ ተመልሶ የማይደፋ መሆኑ ነው። ማሙሽ ዙሪያውን አየና «አባዬ፣ ማን ነው የሚጋግረው?» አለኝ። በአዲስ አበባ ደጋ አየር ላደገ ልጅ፣ ጥላ ሥር ቆሞ ማላብ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ነገር ነው። ሚያዝያ ደግሞ ለባንኮክ ከወራት ሁሉ የሚከፋው ነው።

ያረፍነው ናና በሚባለው ሰፈር፣ ከሱኩምቪት አውራ ጎዳና ገባ ብሎ ነው። ዐረብ፣ ሕንድ፣ የእኛ አገር ነጋዴ፣ የየአገሩ በሽተኛ የሚተላለፍበት ሰፈር ነው። እንጀራ ይገኛል፤ እንዲያውም በሁለተኛው ቀን እንጀራ ቤት ያገኘናቸው አንዲት እናት ባለቤቴን ገና ሲያዩዋት «ለሕክምና ነው የመጣሽው፣ ልጄ?» ብለው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። ልጆቹ ፊት ነበር። ትልቋ ሽሮውን ትኩር ብላ እያየች መብላቷን ቀጠለች።

ሐኪሙ አይቶ ቀዶ ሕክምናውን ለሚያዝያ 10 ቀጠረው፤ በመካከሉ የታይላንዶች አዲስ ዓመት ሶንግክራን ነበርና። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል ተረፈን። እብጠቱ ሚዛኗን ስላሳጣት ባለቤቴ በዚያ ግፊያ መሄድ አልቻለችም። መጋረጃውን ዘግታ ትተኛለች፣ እኔ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ።

አብረውኝ ባይሆኑ ኖሮ ከተማዪቱን አላያትም ነበር። ልጅ ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ማዘን አይፈቀድለትም፤ አንዱ ይጠማዋል፣ ሌላዋ ሽንት ቤት ትፈልጋለች። በሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ውለናል። ጀልባው ረጅም፣ ውኃው ጥቁር፣ ሽታውም የማይረሳ ነው። ትኬት ቆራጩ የብረት ቆብ ደፍቶ በጀልባው ጠርዝ ላይ እየተራመደ ሒሳብ ይቀበላል። ሌላ ጀልባ ሲመጣ ተሳፋሪው በጎን ያለውን ገመድ ስቦ የላስቲክ መጋረጃውን ከፍ ያደርጋል፣ ውኃው እንዳይረጨው። ማሙሽ የገመዱ ሹም ሆነ። አንዲት አሮጊት ቦታቸውን ለቀውለት በእርሳቸው ፈንታ እንዲስብ ፈቀዱለት፤ ስሕተት በሠራ ቁጥር የረጠቡትም እርሳቸው ናቸው፣ የሳቁትም እርሳቸው።

ሉምፒኒ መናፈሻ ውስጥ ደግሞ የልጅ እግር የሚያህል አንገት ያለው አርጃኖ ከሐይቁ ወጥቶ በመንገዱ አቋርጦ ሄደ። ከእኛ በቀር የተደነቀ አልነበረም። ማሙሽ ይህን ለእናቱ በጆሮዋ ካልሆነ ለማንም እንደማይናገር ማለ።

ሶንግክራን ሲደርስ ከተማው ሁሉ በውኃ ተራጨ። ባልዲ የያዘ፣ የመጫወቻ ጠመንጃ የያዘ፣ ነጭ ጭቃ የመሰለ ነገር ጉንጭ ላይ የሚቀባ። «ጠበል ነው?» አለች ትልቋ። የእንግዳ ማረፊያው አስተናጋጅ በቁርጥራጭ እንግሊዝኛ አስረዳቻት፦ ቀድሞ ልጆች በወላጆቻቸው እጅ ላይ ውኃ በቀስታ ያፈሱና ምርቃት ይቀበሉ ነበር፣ ዛሬም በየቤቱ ይደረጋል። ማታ ክፍላችን ስንገባ ትልቋ ብርጭቆ ቀድታ የእናቷ መዳፍ ላይ አፈሰሰች። አንሶላው ረጠበ። ባለቤቴ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማስታወሻ ደብተር ይዤ ሄጄ ነበር፤ ግጥም እጽፋለሁ ብዬ። ዛሬ ስገልጠው ያለው የሒሳብ ዝርዝር ብቻ ነው፦ ውኃ፣ የጀልባ፣ ማንጎ፣ መድኃኒት። በጊዜው አንድ ባት በባንክ ተመን ከአንድ ብር ተኩል በጥቂት ይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የምንዛሪው ሥርዐት ተለውጦ ብር ሲወርድ ያ ሒሳብ ሁሉ ተረት ሆነ፤ ሦስት ወር ዘግይተን ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም ሌሊት አንዳንዴ እደምራለሁ።

ከዚያ ዝርዝር መካከል ግን አንድ መስመር አለ፦ «2567»። የመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ ላይ የነበረ ዓመት ነው። ደረሰኝ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ቀኑን ማየት የሙያ አመሌ ነውና ደነገጥኩ። ታይላንዶች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በቡድሃ ስለሆነ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማሉ፤ እኛ ደግሞ እንደምታውቁት ወደ ኋላ ነን። ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ትልቋ በጣቷ አየር ላይ ቀነሰች።

«551 ዓመት ይቀድሙናል» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እንግዲያው እማዬ ምን እንደሆነች ያውቃሉ ማለት ነው» አለች።

መልስ አልሰጠኋትም። ማታ የሰነድ ቦርሳዬን ስከፍት የቦርዱ ማስረጃ እኔ ባጠፍኩበት መስመር አልታጠፈም ነበር።

ሰዓታቸውን ያገኘችውም እርሷ ናት። አስተናጋጇ የእራት ሰዓት ስትጠየቅ አንድ ጣቷን አንሥታ «ኑንግ ቱም» አለችን፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን ሰባት ይላል። እኔ ተሳስታለች ብዬ ዝም አልኩ። ትልቋ ግን አስደግማ ጠየቀቻት። ለካ በዕለት ንግግራቸው ምሽቱን ከአንድ ይጀምራሉ፤ ፈረንጅ ሰባት የሚለውን እነርሱም አንድ፣ ስምንቱን ሁለት ይላሉ፣ ልክ እንደ እኛ። «ቱም» በድሮ ጊዜ ሌሊቱን ያስቆጥር የነበረው የከበሮ ድምፅ ነው። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ይለዩናል፣ እንደገና ከአንድ ይነሣሉ። ትልቋ ከዚያ ወዲያ የፈረንጁን ሰዓት ማየት ተወች።

ሚያዝያ 10 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘዋት ገቡ። ልጆቹን ሳመቻቸው፤ ማሙሽን ሁለት ጊዜ። ነርሷ በእንግሊዝኛ እስከ 18 ሰዓት ያልቃል አለችን። የመጠበቂያው ክፍል ቀዝቃዛ ነበር፤ ከሳምንት ሙቀት በኋላ ልጆቹን ሹራብ አልብሼ ቁጭ አልን። ከቀኑ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ የአገሪቱን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ፤ የወለል ጠራጊዋ መወልወያዋን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ትልቋም ተነሥታ አጠገቧ ቆመች። መዝሙሩ አለቀ። ማንም አልመጣም።

አንድ ሰዓት ሆነ። ማሙሽ ሁለት ወንበር ላይ ተኛ። ነርሷ ተቀይራ ሌላ መጣች፤ «እየሠሩ ነው» ከማለት በቀር የምታውቀው አልነበረም። ሁለት ሰዓት። ስደምር ኖሬ ስደምር የምሞት ሰው ነኝና ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭንቅላት ተከፍቶ ሊቆይ ይችላል ወይ እያልኩ በልቤ አሰላለሁ። ጠራጊዋ ባልዲዋን ይዛ በዚያ በማንገባበት በር ገባች፤ ቆይታ ስትወጣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ትልቋ ሄደች። ሦስት ጣቶቿን አነሣች። «ሳም ቱም» አለቻት።

«ሦስት ሰዓት አለች፣ አባዬ» አለችኝ ልጄ። «በእኛው ሰዓት ነው። ከፈረንጁ እንዳታምታታው።»

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሐኪሙ ቆቡን በእጁ ይዞ ወጣ። እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ የፊቷ ነርቭ ተርፏል። ቀኝ ጆሮዋ ግን ከእንግዲህ አይሰማም። ሰውየው ይህን ሲናገር ድካሙ ከድምፁ ይታወቅ ነበር፤ እኔ አመሰግናለሁ የሚለው ቃል በምን ቋንቋ እንደወጣኝ አላስታውስም። ለልጆቹ የመጀመሪያውን ነገርኳቸው፤ ስለ ጆሮው አዲስ አበባ ስንገባ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን መደበኛ ክፍል አስገቧትና ልጆቹን አመጣኋቸው። ማሙሽ አልጠበቀም። ወንበር ጎትቶ በፋሻው በኩል ወጣና አፉን አስጠግቶ ስለ አርጃኖው፣ ስለ አንገቱ፣ ስለ ምላሱ ረጅም ሹክሹክታ ጀመረ። ባለቤቴ ዐይኗን ጨፍና ፈገግ አለች፣ በቀስታም ራሷን ነቀነቀች። አንድ ቃል እንዳልሰማች የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ትልቋ ወንድሟን ከወንበሩ አወረደችው፣ እጁን ይዛ በአልጋው ግርጌ ዞረች፣ ወንበሩንም በግራ በኩል አስጠጋችለት።

«በዚህ በኩል ንገራት» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምር።»