የእህቴ ቀለም

ዛሬ በሳይንስ ስለተማርነው ህዋስና ስለ ትንሿ እህቴ እጽፍላችኋለሁ።

እናቴና አባቴ ጠይም ናቸው። እህቴ ስትወለድ ግን ቆዳዋ ነጭ፣ ፀጉሯም እንደ ገብስ ነዶ ቢጫ ነበር። የአባቴ እናት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ። ጎረቤት ደግሞ እርግማን ነው አለ። እናቴ መልስ አልሰጠችም። ከቤት ስትወጣ ግን እህቴን አዝላ በነጠላ ትሸፍናት ነበር።

ዘንድሮ ስለ ህዋስ ተማርን። በህዋሳችን ኒውክለስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ። 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። በእነሱ ላይ ያለው ዘረመል ቀለማችንንና መልካችንን ይወስናል። ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ነው። ሜላኒን የሚያሠራው ዘረመል ከሁለቱም ወገን የማይሠራው ከደረሰን አልቢኒዝም ይሆናል። አንዱ ደህና ከሆነ ግን ይበቃል፤ ሰውየው ጠይም ሆኖ ይኖራል፣ የተሸከመውንም አያውቅም።

እቤት ስገባ ቡና ተፈልቶ ነበር። ሁለት ስኒ አንስቼ በየስኒው አንድ ቀይና አንድ ነጭ ቦሎቄ ጨመርኩ። «አንዱ ስኒ እማዬ፣ አንዱ አባዬ ነው» አልኳቸው። አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከየስኒው አንድ አንድ ያወጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እንመልሳለን። ከ20 ጊዜ ውስጥ 6 ጊዜ ሁለቱም ነጭ ወጣ። መምህራችንም ከ4 አንድ ያህል ይሆናል ብለውን ነበር።

አያቴ ቦሎቄውን እያገላበጡ ቆዩና «ለልጄስ ይሄ ነጩ ከየት መጣለት?» አሉ።

«ካንቱ ወይም ከወንድ አያቴ ነዋ» አልኩ።

እናቴ ቡና ስትቀዳ እጇ ቆመ። አያቴም «ለካ ሳላውቅ ሳማሽ ኖሬያለሁ» አሏት። በገበያ ቀን ለእህቴ ሰፊ ባርኔጣ ገዙላት።

ጓደኞቼ፣ እህቴ በሚመጣው ዓመት 1ኛ ክፍል ትገባለች። አልቢኒዝም በመንካት አይተላለፍም። አማኑኤል ደጋ ብትሆንም ፀሐይዋ ቆዳዋን ያቃጥላታል፣ ዓይኗም ከሩቅ አጥርቶ አያይም። ስለዚህ በሰልፍ ጊዜ ጥላ ላይ ትቁም፣ ክፍል ውስጥ ከፊት ትቀመጥ። ባርኔጣዋንም አትንጠቋት። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 6 ቀን ዓለም ስለ አልቢኒዝም ያስባል፤ የእኛም ሚኒ ሚዲያ ያን ቀን ስለዚህ ቢያወራ ደስ ይለኛል።

«ፈረንጅ» ብላችሁ አትጥሯት። ስሟን ስትመጣ ራሷ ትነግራችኋለች።