የተበተነ ልብ ጸሎት

እዚህ ሸሪካት፣ ከነጭ ዓባይ ማዶ፣ ማታ ለጸሎት ስንቆም ልባችን አብሮን አይቆምም። አፋችን «አቤቱ» ሲል ጆሯችን የኒሙሌን መንገድ መኪና ይከተላል፤ ሐሳባችን ያልተከፈለ የውሃ ሒሳብ ይቆጥራል፤ ካገር ቤት የሚደወል ስልክ ይጠብቃል። ከመካከላችን አንዱ የእናቱን መርዶ ከሰማ ወዲህ፣ «ልብ በሌለበት ከንፈር ማንቀሳቀስ ፈጣሪን ማታለል ነው» ብሎ ጸሎቱን ተወ። የምንመልስለት አጣን።

ይህ ጭንቀት ግን የእኛ ብቻ አይደለም። አይሁድ በጸሎት ጊዜ ልብን መሰብሰብ «ካቫና» ይሉታል፤ አጥብቀውም ይሹታል። ሆኖም ከ1,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የኢየሩሳሌም ታልሙድ የመምህራኑን ድካም አልሸሸገም። አንዱ በጸሎት ላይ ሳለ ወፎች ይቆጥር እንደ ነበር፣ ሌላው የግንብ ድርድር ይቆጥር እንደ ነበር ይናዘዛሉ። ሦስተኛው ጭንቅላቱን ያመሰግናል፤ ሐሳቡ ሌላ ስፍራ ሳለ፣ ምስጋናው ዘንድ ሲደርስ ጭንቅላቱ በልማድ ጎንበስ ይልለታልና።

ካገራችንም ምስክር አለ። የጎንደር ቤተ እስራኤል ጸሎት በግዕዝ ነበር፤ ከሕዝቡ ብዙው ግዕዝ አይሰማም። ቢሆንም በስግድ በዓል ጾሞ፣ ኦሪት የያዙትን ቄሶች ተከትሎ ተራራ ይወጣል፤ ወደ ኢየሩሳሌምም ይሰግዳል። በ1976ና በ1977 ዓ.ም. በሺሕ የሚቆጠሩት በእግር ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በኡም ራኩባ መጠለያም ማንነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ሰው በማግስቱ ልቡ እንዴት ይሰበሰባል? ጸሎቱ ግን ከነስብራቱ ተሻገረ፤ በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የታወቀ በዓል አደረገው።

እንግዲህ ለወንድማችን ይህን አልነው፦ «ልብህ እስኪሰበሰብ ደጅ አትጠብቅ። ወፍም ቢሆን ቁጠር፤ ብቻ ከእኛ ጋር ቁም። አንተ ስትደክም ጎረቤትህ ይጸልያል፤ እርሱ ሲደክም አንተ ትጸልያለህ።»

ትናንት ማታ መጥቶ ከኋላችን ቆመ። ጸለየ ወይስ አልጸለየም ብለን አልጠየቅነውም። «አሜን» ስንል ግን ጎንበስ ሲል አይተነዋል። እርሱን ስናይ የእኛም ጸሎት ተቋርጦ ነበር።