በመሐል ሜዳ ያየነው የመብራት ጥብጣብ

ከደብረ ብርሃን ተነሥተን በጣርማ በርና በሞላሌ አድርገን መሐል ሜዳ ስንደርስ መሽቶ ነበር። የመንዝ ደጋ ብርዱ የጸና ነውና ባረፍንበት ቤት ሰው ሁሉ ባናውን ደርቦ እሳት ይሞቅ ነበር። የቤቱ ልጅ ተማሪ ነው። እናቱ ባና ሸጣ በሰጠችው ገንዘብ እንደ ጥብጣብ የተጠቀለለ መብራት ገዝቶ ኖሮ፣ «እያንዳንዱን ፍሬ ለብቻው ላዝዝ ብል ሁሉም ባንድነት ይቀላሉ፤ ባንድነት ይጠፋሉ» ብሎ አዝኖ ነገረን።

ብንመለከተው ጥብጣቡ ባለ አራት ሽቦ ነው፤ አንዱ ለኀይል፣ ሦስቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ። እንዲህ ያለው ቀለሙን የሚለውጠው ባንድነት ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው «ደብሊው ኤስ 2812 ቢ» የሚባለው ባለ 5 ቮልት ዓይነት ነው። ሽቦው ሦስት ነው፤ የኀይል መግቢያ፣ የኀይል መመለሻና የትእዛዝ መንገድ። አሠራሩም በማኅበር እንደሚዞር የዳቦ መሶብ ነው፤ ፊተኛው ፍሬ ድርሻውን አንሥቶ የቀረውን ለጎረቤቱ ያሳልፋል። ስለዚህ አንዱ ቢበላሽ ከበስተኋላው ላሉት ትእዛዝ አይደርሳቸውም። ትእዛዙ የሚገባውም በጥብጣቡ ላይ የተሣለው ቀስት ከሚነሣበት ጫፍ ነው።

ለመማሪያ 30 ፍሬ ይበቃል። አንዱ ፍሬ ነጭ ሆኖ በሙሉ ኀይሉ ሲበራ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፤ 30ው 1.8 አምፔር ያህል ነውና 2 አምፔር የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ይችለዋል። 300 ፍሬ ግን 18 አምፔር ይጠይቃል፤ ቀጭን ሽቦም ይግላል። በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት የጋለ ሽቦ የሚናቅ ነገር አይደለም። ትእዛዝ የሚጻፍባት ሰሌዳ «አርዱዊኖ ኡኖ» ብትሆን ለጀማሪ ትቀላለች፤ ነገር ግን ጥብጣቡ ኀይሉን ከቻርጀሩ እንጂ ከሰሌዳዋ አይቀበል፤ የሁለቱም መመለሻ ሽቦ ባንድ ይታሰር።

የልጁም ገንዘብ ፈጽሞ አልጠፋም። በጥብጣቡ ላይ 12 ቮልት የሚል ተጽፎበት ነበርና በቤቱ ካለው ባለ 12 ቮልት የፀሐይ ባትሪ ጋራ አገናኘነው። ሦስቱን የቀለም ሽቦዎች ባንድነት ብናስራቸው ነጭ ብርሃን ሰጠ። እናቱም እንዝርቷንና የበግ ጠጕሯን ይዛ ወደ ብርሃኑ ቀረበች።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመግዛት ሲነሡ አትከልክሏቸው። ነገር ግን ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ አስቀድመው ሽቦውን ይቍጠሩ፤ ቮልቱንም ያንብቡ።