አንተና አንቱ

በአማርኛ ሰው ለማዋረድ ስድብ አያስፈልግም፤ «አንተ» ማለት ይበቃል። ፈጣሪንም «አንተ»፣ እናታችንንም «አንቺ» እንላለን፤ ያ ግን የቅርበት ነው። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን «ጓድ» የሚባል መጠሪያ መጥቶ ነበር፤ እሱ ሄደ፤ አንቱታ ግን እዚሁ አለ።

ባለፈው ሰሞን ለአንዲት ማኅተም ብለን ሦስት ሆነን ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰለፍን። ከፊታችን ጋቢ የለበሱ አባት ቆመዋል። ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ነገ ና አልተባልክም?» አላቸው። ደማችን ፈላ።

«አንተ! አባትህ የሚሆኑ ሰው እኮ ናቸው!» አልነው።

«ማንን ነው አንተ የምትሉት?» ብሎ ብድግ አለ። (ለካ ቃሏን አሳምሮ ያውቃታል!) መስኮቱን ጓ አድርጎ ዘጋው።

እኛ እንዳሸነፈ ሰው ተያየን። አባት ግን ወደኛ ዞረው፣ «ልጆቼ፣ ከደብረ ብርሃን በሌሊት ነው የተነሣሁት። ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲበቃው ይመታልኝ ነበር። ምነው ዝም ብትሉ?» አሉን።

የምንመልሰው አጣን። ለሳቸው ነው የተቆጣነው ወይስ ለራሳችን? ሻይ እንጋብዝዎ ብንልም እምቢ አሉ።

በማግስቱ ጧት ሁለት ሰዓት ስንደርስ ቀድመውን መስኮቱ ሥር ቆመዋል። «እንደምን አደሩ ጌታዬ» አሉት፣ ያንን ጎረምሳ። እሱም ቀና ሳይል «አምጣ» አለና ማኅተሙን መታላቸው። ወረቀታቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እኛን በዓይናቸው ተሰናብተው ወጡ።

የኛ ወረቀት ሳምንት ፈጀች።